ይጠብቃል ወይስ ይላላል

«ለመላው የድርጅታችን ሠራተኞች በሙሉ፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ቀለም ያለቀ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። አዲስ ቀለም እስኪገዛ ድረስ ሁሉም ሠራተኛ በትዕግሥት እንዲተባበር እናሳስባለን።»

ማስታወቂያው ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው፤ የደብዳቤ ቁጥርም አለው። የተለጠፈው የሐንጋሩ በር ላይ ነው። ከበሩ ስድስት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መካኒኩ ምሥጋናው በሸራ ተሸፍኖ ተኝቷል። ስለ እሱ እስካሁን የወጣ ማስታወቂያ የለም።

ሐንጋሩ ከላሊበላ ከተማ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሜዳ ሲደርስ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጥግ ይገኛል። ድርጅቱ ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች አሉት። ስሙ ከሁለቱም ይረዝማልና አንጠራውም። ቱሪስት በነበረ ጊዜ ቱሪስት ያመላልስ ነበር፤ አሁን የተገኘውን ያመላልሳል።

ኢንስፔክተር ደብሪቱ የደረሰችው ማክሰኞ ጥር 19 ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሃምሳ ዓመቷን ይዛለች። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ኮን ከተማ አሥራ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምራለች። ዛሬም የምርመራ ቃል ስታነብ ቀይ እስክሪብቶ ትይዛለች፤ ጣቢያው ውስጥ ሪፖርት የሚያቀርቡላት ሁሉ ማርክ የምትሰጣቸው ይመስላቸዋል። በሩ ላይ ቆማ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አነበበች።

«‹ለመላው› ካለ ‹በሙሉ› ምን ይሠራል?» አለች።

«እ?» አለ ሳጅን ደባሱ።

«ምንም። የት ነው?»

ሳጅን ደባሱ ከእሷ አንድ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ነበር። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ጉዳዩን ጨርሶታል። ሸራውን ገለጥ አድርጎ አሳያት። ደብሪቱ የሚታየውን አየች፤ ሸራውን ራሷ መለሰችው። ከአስከሬኑ አጠገብ ሁለት ቦታ የተከፈለ ቸርኬ ወድቋል፤ አንዱ ግማሽ የግድግዳውን ቆርቆሮ በስቶ ግማሽ አካሉ ውጭ ነው።

«የአውሮፕላን ቸርኬ እንደ መኪና አንድ ወጥ አይደለም» አለ ሳጅን፤ ከአንድ ሰዓት በፊት የሰማውን እንደ ዱሮ ዕውቀቱ። «ሁለት ግማሽ ነው፤ በብሎን ነው የሚያያዘው። ጎማ ሊለወጥ ሲል ብሎኑ ይፈታል። ታዲያ አስቀድሞ አየሩ መውጣት አለበት። አየሩ ውስጥ እያለ ከተፈታ…» እጁን ወደ ቆርቆሮው ዘረጋ።

«አየሩ አልወጣም ነበር?»

«ነገሩ እሱ ላይ ነው። ወጥቶ ነበር። ካርዱ ይናገራል።»

ካርዱ ከጎማው ላይ በሽቦ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው። በላይኛው ሳጥን «አየር የወጣበት ቀን» የሚል ታትሞ፣ አጠገቡ በእጅ «ገና» ተብሎ ተጽፏል። በታችኛው «ያረጋገጠ» ይላል፤ ከሥሩ እንደ ተተረተረ ክር የተጠማዘዘ ፊርማ አለ። የካርዱ ቁጥር 119 ነው።

«የገና ዕለት አየሩ ወጥቷል» አለ ሳጅን። «ዛሬ ሲፈታ ግን ሙሉ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው መልሶ ሞልቶታል። የአየር መሙያውን ክፍል ቁልፍ የሚይዘው አንድ ሰው ነው። የገና ዕለት ሥራ የገባውም አንድ ሰው ነው፤ ሌላው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከሟች ጋር የተጣላውም አንድ ሰው ነው። ሦስቱም አንድ ሰው ነው።» በአገጩ ወደ ጥጉ ጠቆመ።

ጥጉ ላይ፣ የዘይት በርሜል ላይ፣ አንድ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው በካቴና የታሰሩ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቱታው ላይ «ሀቢብ» የሚል ተሰፍቷል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወልድያ የምትሄድ መኪና አለችን» አለ ሳጅን፤ የአውቶቡስ መነሻ እንደሚነግር። «በጋሸና አድርገን እናስገባዋለን። ከዚያ ወዲያ የዓቃቤ ሕግ ነው።»

ኪሱ ውስጥ ስልክ ጮኸ። አወጣው፤ አየው፤ መልሶ ከተተው።

«የማን ነው?»

«የእሱ። እናቱ ናት። ከጧት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች።»

ደብሪቱ ከአስከሬኑ ሁለት ክንድ ርቆ ወዳለው የሥራ ጠረጴዛ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ክላሰር ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ውስጡ የጥገና ማንዋል ነው። በተከፈተው ገጽ ላይ የቸርኬ ሥዕል አለ። ከሥዕሉ በላይ፣ በጥቁር መስመር የታጠረ ማስጠንቀቂያ። እንግሊዝኛዋ ለማስጠንቀቂያ ይበቃል፤ አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አንድም ብሎን እንዳይፈታ ይላል። ከአጥሩ ሥር ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ በጣቷ ስትነካው ቅባቱ አልደረቀም።

*

የማንዋሎቹ ክፍል መስኮት የሌለው ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ በሰማያዊ ክላሰር ተሞልቷል። ማኅሌት መሐል ተቀምጣ አዲስ የመጡ ገጾችን እየበሳች ነበር። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ከፋብሪካው አዲስ ገጽ ሲመጣ አሮጌውን ታወጣለች፣ አዲሱን ታስገባለች፣ ትፈርማለች። ኢንስፔክተሯ ስትገባ መብሳቷን አላቆመችም፤ ቀና ብላ አየቻት እንጂ እጇ በራሱ ይሠራ ነበር።

«ያ መጽሐፍ ከዚህ ክፍል መውጣት ይፈቀድለታል?»

«አይፈቀድም። ገጹን ኮፒ አድርጌ ነው የምሰጥ። ቀለም አልቋል።»

«አንብቤያለሁ። በታላቅ አክብሮት።»

«ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ መጣ። ‹ማሂዬ፣ ገጹን ሳላይ መፍቻ አልነካም› አለኝ። ‹ስንቴ ፈትተኸዋል፣ በቃልህ ታውቀው የለም ወይ› አልኩት። ‹ውዳሴ ማርያምንም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እያየሁ ነው የምደግመው› አለኝ። አስፈርሜ ሰጠሁት።» ሌላ ገጽ በሳች። «ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ድምፁን ስሰማ በር የተዘጋ መስሎኝ ነበር።»

«የጎማዎቹን መዝገብ የምትይዥው አንቺ ነሽ?»

ማኅሌት መዝገቡን አውጥታ ገለጠችላት። ቁጥር 119፤ አየር የወጣበት ቀን፣ 29/04።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከካርዱ። ‹ገና› ይላላ። አቶ ምስክር መዝገቡ ላይ ቃል እንዳይጻፍ ብለዋል። ቃል የጻፉትን እኔ ወደ ቁጥር እመልሳለሁ።»

«ካርዱን ማን ጻፈው?»

«ካርዱ ላይ ‹ማን› የሚል ሳጥን የለም።»

«መቼ መዘገብሽው?»

«ካርዶቹን በየአሥራ አምስት ቀኑ እየዞርኩ ነው የምመዘግብ። ባለፈው ዓርብ።»

ደብሪቱ መዝገቡን ከደነችው። «አውሮፕላኑ ራሱስ መዝገብ የለውም? ጎማ ሲለወጥለት የሚጻፍበት?»

«አለው። ከአውሮፕላኑ አይለይም። አውሮፕላኑ ጂንካ ነው፤ ሐሙስ ይመለሳል።»

«ሐሙስ» አለች ደብሪቱ።

«ሀቢብ ማታ የት ነው የሚያድር?» አለች ማኅሌት። ከዚያ ጠያቂው ሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ ወደ ገጾቿ ተመለሰች።

*

አቶ ምስክር የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅም የጥራት ተቆጣጣሪም ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ አምስት ወሩ ነው። ክራባቱ ቀጥ ብሏል። ደብሪቱ ከመቀመጧ በፊት ሦስት ፎርም ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል።

«በቴክኒክ ሰነድ ላይ አማርኛ አልጽፍም» አለ። «አንዲት ፊደል! አምራቹ በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ እኔም በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ የጻፍኩትን ሁሉ አምጥተው ማየት ይችላሉ።»

«ካርዶቹ ግን በአማርኛ ናቸው።»

«እሱን አይደል የምታገለው! እዚህ ቤት ቀን የሚጻፈው በበዓል ነው። ባለፈው ኦዲተር መጥቶ ‹ይህ ገብርኤል የሚባለው ማነው፣ ሠራተኛችሁ ነው?› ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«‹አዎ፣ የቀድሞ› አልኩት።»

ደብሪቱ አልሳቀችም፤ እሱም እንድትስቅ አልፈለገም።

«119 ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። አየር መውጣቱን ሳላረጋግጥ አልፈርምም።»

«አይተውታል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«የሠራተኞቹን የፈቃድ ፎርሞች ማየት እችላለሁ? የእርስዎንም ጭምር።»

«የእኔ ፈቃድ አይደለም፤ ሥልጠና ነው። ከጥር 8 እስከ 13 አዲስ አበባ ነበርኩ። ስለ ሰነድ አያያዝ ትክክለኛነት።» ፎርሙን አቀበላት። በእርግጥም በእንግሊዝኛ ነው የተሞላው።

*

የመካኒኮቹ አለቃ አያ ደግሰው ይባላሉ። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ቱታቸው ላይ ነጭ ነጠላ ጣል አድርገው፣ አንዲት መፍቻ በጨርቅ እየወለወሉ ቆመው አገኘቻቸው። መፍቻዋ ንጹሕ ነች።

«ቀንን በበዓል መጻፍ ያስለመዱት እርስዎ ነዎት ይላሉ።»

«ቁጥር ይረሳል ልጄ። በዓል አይረሳም። ልጆቹም ለመዱት። ሀቢብ እንኳ ሥላሴን ይጽፋል።»

«ገናንስ?»

«የገና ዕለት እኔ ከቤተ ማርያም ቅጥር አልወጣሁም። መላው ላስታ ያውቃል። ሥራ የገባው እሱ ነው።»

«ሌላውንስ በዓል ሁሉ? ከተራንስ?»

«ከተራ ደግሞ ከታቦቱ ጋር ነኛ። ሰው ሌላ የት ይሆናል ብለሽ ነው?»

«ታቦት የሚወጣው ከቀትር ወዲያ ነው። ጧትስ?»

«ጧትማ» አሉ አያ ደግሰው፤ «ጧት ነው።» መፍቻዋን ገለበጡና በሌላው በኩል መወልወል ጀመሩ።

«ምሥጋናው እንዴት ያለ ሠራተኛ ነበር?»

«እጁን የቃኘሁት እኔ ነኝ። መጽሐፍ ሳያይ አይሠራም። እነ እንቶኔ ሲስቁበት ‹ሳቁ፤ እኔ ጣቴ አሥር ነው› ይላቸዋል።»

«ሀቢብ ዛሬ ወልድያ ይሄዳል።»

«እግዜር ያውቃል» አሉ አያ ደግሰው።

*

ሀቢብ ውኃ ሲሰጡት በሁለት የታሰሩ እጆቹ ተቀበለና ጠጣ።

«ከምሥጋናው ጋር ተጣልታችኋል?»

«ለሥልጠና እኔን ትተው እሱን መረጡ። ‹አንተ ደንቆሮ፣ መጽሐፍ ሳታይ የጫማህን ክር አትፈታ፣ ሥልጠና ምን ይሠራልሃል› አልኩት። ሳቀ። ሳጅን ይችን ‹ዛቻ› ብሎ ጽፏታል።»

ደብሪቱ ቃሉን ሳጅኑ በጻፈው ወረቀት ላይ አገኘችው፤ በቀይ ከበበችው።

«የገና ዕለት ምን ሠራህ?»

«ምንም። እነሱ እንዲያከብሩ ነው የገባሁ፤ በዒድ ደግሞ ምሥጋናው ይገባልኛል። ሁሌም እንዲህ ነን። ወንበር ላይ ተቀምጬ በስልኬ ኳስ አየሁ። ወላሂ አንድ ብሎን አልነካሁም።» ባዶውን የውኃ ኩባያ አጠገቡ አኖረ። «ዘንድሮ በዒድ ማን እንደሚገባልኝ እንጃ።»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። የእህቴ ኒካህ ነበር። የተመለስኩ ባለፈው ዓርብ ነው። ስሄድ ያ ጎማ እዚያ አልነበረም፤ ስመጣ ቆሞ አገኘሁት።»

«ይህን ለሳጅን ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ‹አንተማ ትላለህ› አለኝ።» ከዚያ ወደ ሳጅን ኪስ አየ። «እትዬ፣ ስልኩን አንሡና አብሽሪ በሏት። ሌላ ምንም አትንገሯት።»

ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። ደብሪቱ ወደ ማንዋሎቹ ክፍል ተመለሰችና ካርዶቹ የሚቆረጡበትን ጥራዝ ጠየቀች። ጥራዙ እንደ ካርኒ ነው፤ ካርዱ ተቆርጦ ሲሄድ በካርቦን የተገለበጠው ቀሪው ከጥራዙ ጋር ይቀመጣል። 119ን አገኘች። ሁለት ፊደል፤ ከሁለት ፊደል የማንም እጅ አይታወቅም። ከዚያ ወደ ኋላ ገለጠች፤ ወደ ፊትም ገለጠች። ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣችና ምንም ሳትጽፍ መልሳ ከደነችው።

«ሁሉንም ወደ ሐንጋሩ ጥሪልኝ» አለቻት ማኅሌትን።

*

በስምንት ሰዓት አምስቱም ተሰበሰቡ። አስከሬኑን ለመውሰድ ከሆስፒታሉ የመጡት ሰዎች ወስደውታል፤ ሸራው ግን ባዶውን እዚያው ነበር፤ ሁሉም ዙሪያውን እንጂ በላዩ አልሄዱም። ከበሩ ውጭ የወልድያዋ መኪና ሞተሯን አሙቃ ትጠብቃለች።

«በሟቹ ልጀምር» አለች ደብሪቱ። «ምሥጋናው ማስጠንቀቂያውን ሳያይ ቀርቶ አይደለም የሞተው። መጽሐፉን ፈርሞ ወሰደ፤ ገጹን ከፈተ፤ ጣቱ ማስጠንቀቂያው ሥር አርፋ ነበር። አየር ያለበት ቸርኬ እንደማይፈታ ያውቃል። ከፈታው ግን አየር የለውም ብሎ አምኗል ማለት ነው። ማን አሳመነው? ካርዱ።»

«ቫልቩን ራሱ ነክቶ ማየት ነበረበት» አለ ምስክር። «ማንዋሉ ይላል።»

«ነበረበት። ግን ካርዱ ላይ የበዓል ስም አነበበ፤ ከሥሩ የእርስዎን ፊርማ አየ። ሁለት ሰው ካየው በኋላ እኔ ሦስተኛ ሆኜ ምን አደርጋለሁ ብሎ ይሆናል።»

ምስክር ክራባቱን ነካ።

«ሳጅን ደግሞ ‹አየሩ ወጥቶ ነበር፤ ሀቢብ መልሶ ሞላው› ይለናል። ማኅሌት፣ ነይ። የእነዚህን ቀሪዎች ቁጥርና ቀን ጮክ ብለሽ አንብቢልን።»

ማኅሌት ጥራዙን ተቀበለች። «117፤ ገብርኤል።»

«ታኅሣሥ 19። ቀጥይ።»

«118፤ ሥላሴ።»

«ጥር 7። ቀጥይ።»

«119፤ ገና።»

«ታኅሣሥ 29። ቀጥይ።»

«120፤ ጥምቀት…» ማኅሌት ቆመች። ጣቷን ይዛ ወደ ላይ ተመለሰች። «ወደ ኋላ ሄደ» አለች።

«ስትመዘግቢ አላየሽውም?»

«ሳጥኑን ነበር የምሞላው።»

«ሁላችንም ሳጥኑን ነው ያየነው» አለች ደብሪቱ። «ካርዶቹ በተራ ነው የሚቆረጡት። 119 የተጻፈው ከጥር 7 በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት ነው። በዚያ ሰሞን ገና ካለፈ ከሳምንት በላይ ሆኖታል። ማንም መካኒክ ያን ዕለት ለሠራው ሥራ ያለፈ በዓል አይጽፍም። ኮን ሳስተምር በየዓመቱ ፈተና ላይ የማወጣው ጥያቄ ነበር። ሲጠብቁና ሲላሉ ትርጉማቸው የሚለያይ ቃላት። ‹ዋና›። ‹አለ›። ‹ገና›። ሲጻፉ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ አፍ ላይ ነው። ገና ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ሲላላ ግን ‹ይቀራል፣ አልተሠራም› ማለት ነው። አየር የወጣበት ቀን፦ ገና። አልወጣም ነው የሚለው። ካርዱ አልዋሸም።»

ሳጅን ደባሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃሉን በሁለቱም መንገድ ሞከረው።

«ታዲያ እኔም…» አለ።

«አንተም፣ እኔም፣ ማኅሌትም። ምሥጋናውም። ሁላችን አጠበቅነው። በዚህ ቤት ቀን ሁሉ በዓል ነውና ሌላ የሚያነብ አልነበረም። እሱ ቃሉን አጥብቆ ብሎኑን አላላ።»

ሀቢብ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲህ የጻፈው ማነው? ሀቢብ ከገና ማግስት እስከ ዓርብ ሐይቅ ነበር፤ የፈቃድ ፎርሙ እዚህ አለ። ቃሉ ሲጠብቅ ነበር የሚያሳስረው፤ ሲላላ ይፈታዋል። አቶ ምስክር ከጥር 8 ጀምሮ አልነበሩም፤ ቢኖሩም አማርኛ አይጽፉም።»

«አንዲት ፊደል» አለ ምስክር።

«ግን ፊርማዎ አለበት። አዲስ አበባ ሆነው እንዴት እንደፈረሙ ገርሞኝ ነበር።» ጥራዙን ተቀብላ ወደ ፊት ገለጠችው። 124፤ ባዶ፤ ከሥሩ ፊርማ። 125፤ ባዶ፤ ፊርማ። «እስከ ስንት ይሄዳል ማኅሌት?»

«እስከ ሁለት መቶ» አለች ማኅሌት በቀስታ።

«ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል አስቀድሜ…» አለ ምስክር።

«ማኅሌት ጎማ አታወጣም። ምሥጋናው የጻፈው ቢሆን ኖሮ የገዛ ቃሉን አይስትም። የሚቀሩት አንድ ሰው ናቸው። ሐሙስ አውሮፕላኑ ሲመለስ ጎማው የተለወጠበት ቀንና የለዋጩ ፊርማ መዝገቡ ላይ ይገኛል። እኔ ሐሙስን መጠበቅ እችላለሁ። የሀቢብ እናት ግን አትችልም።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አያ ደግሰው፣ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

አያ ደግሰው መፍቻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጨርቁን አጥፈው አጠገቧ አደረጉት።

«ይላላል» አሉ።

ከውጭ የመኪናዋ ሞተር ድምፅ ይሰማል።

«ከተራ ጧት አወጣሁት» አሉ፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ። «የቫልቭ መፍቻዋን ያኖርኩበት ጠፋኝ፤ በጥፍር ቢጫኑት ቶሎ አያልቅም። ሰው ሁሉ ወጥቷል። ታቦቱ ሳይነሣ ልድረስ ብዬ፣ ስመለስ አስተነፍሰዋለሁ ብዬ ጻፍኩ።»

«ሲመለሱስ?»

«ጥምቀት ሆነ። በማግስቱ ሚካኤል። ከዚያ ተረሳ።»

«ዛሬስ? እሱ ሲወድቅ?»

«ካርዱን አየሁት። ያኔ አስታወስኩ። ሳጅን መጣና ‹የገና ዕለት ማን ነበር?› አለ። ሁሉም ራሳቸው አነበቡት። እኔ ምንም አላልኩም።»

«ለእኔ ግን ‹ሥራ የገባው እሱ ነው› ብለውኛል።»

«ገብቷል። ውሸት አይደለም።»

«አያ ደግሰው» አለ ሀቢብ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረውም። «እኔን?»

አያ ደግሰው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሳጅን ደባሱ ማንም ሳያዘው ቁልፉን አውጥቶ ካቴናውን ፈታ። ስልኩንም ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው፤ ሲሰጠው ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ነበር።

በዚህ መሐል ምስክር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ የአንድ ግለሰብ የአጻጻፍ ስሕተት መሆኑ ተረጋግጧል» አለ። «አሠራራችንን ግን የሚነካ አይደለም። ያ ሁሉ ጎማ ይኸው ነው» ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን አራት ጎማዎች አሳየ፤ እያንዳንዱ ካርዱን አንጠልጥሏል። «ሁሉም ቀን አላቸው፤ ሁሉም ተረጋግጠዋል። ሪፖርቱ ላይ ይግባልኝ።»

«መዝገቡ ላይም አሉ» አለች ማኅሌት።

«እነዚያንማ በደንብ ነው የሠራናቸው» አሉ አያ ደግሰው።

«እኔም ጧት አይቻቸዋለሁ» አለ ሳጅን ደባሱ። «ካርዳቸው ሙሉ ነው።»

«ጥሩ» አለች ደብሪቱ። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን መፍቻ አነሣችና ወደ እነሱ ዘረጋች። «ለሪፖርቱ እንዲሆነኝ አንዱን ፍቱልኝ።»

መፍቻዋ አየር ላይ ቆየች። ምስክር የቢሮ ሰው መሆኑን የሚናገር ፈገግታ ፈገግ አለ። ማኅሌት መዝገቧን ደረቷ ላይ አቀፈች። ሳጅን ደባሱ ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሸሸ። አያ ደግሰው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

ሀቢብ የእጁን አንጓ እያሸ ተነሣ። መፍቻዋን አልተቀበለም። ወደ መጀመሪያው ጎማ ሄዶ ተንበረከከ፤ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፤ የቫልቩን ክዳን ፈታና በጥፍሩ ተጫነው።

ጎማው መተንፈስ ጀመረ።

አልቆመም። ሐንጋሩ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም። የሚወጣው አየር ፊርማ ያለበትን ካርድ እያራገበው ነበር። ሀቢብ ጣቱን አላነሣም፤ ሌሎቹም ወለሉን እያዩ እስኪያልቅ ይጠብቁ ነበር፤ ግን አላልቅ አለ።